ሳይቃጠል በቅጠል፦ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና የምሥራቅ አዲስ አበባ ጓሮዎች

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ባክቴሪያ የሚለው ቃል በአገሪቱ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ዘንድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ጥፋት ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንሰት አጠውልግ በሽታ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑ በሳይንስ መጽሔት ከተገለጸ ወዲህ፣ ይህ በዓይን የማይታይ ፍጡር የስንቱን ቤተሰብ የእንሰት ማሳ እንዳራቆተ የሚታወቅ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድን የጓሮ ባለቤት «በተክልህ ላይ ባክቴሪያ እርጭ» ብሎ መምከር ለጆሮ እንግዳ፣ ለልብም አስጊ ሆኖ ይታያል።

ይሁን እንጂ ከባክቴሪያ ወገን ተክልን የሚያጠፉት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተክልን ከፈንገስ በሽታ የሚጠብቁ ናቸው። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ ጠባቂዎች በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ጓሮዎች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ፣ ምን ሊሠሩ እንደማይችሉም ለይቶ ማሳየት ነው። የነገሩ ፍሬ ባጭሩ ይህ ነው፤ ባክቴሪያ ዘበኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ዘበኛ ደግሞ በሩ ላይ መቆም የሚገባው ሌባው ከመግባቱ በፊት ነው። ስለሆነም ጠርሙሱ በያዘው ነገር መጠን ጠርሙሱ የሚከፈትበት ቀን ውጤቱን ይወስነዋል።

የጓሮው ጠባይና የክረምቱ ጠባይ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂ፣ በመገናኛ፣ በሲ.ኤም.ሲ.ና በሰሚት በኩል እስከ አያት የሚዘልቀው የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። በዓመት ከሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አይርቅም፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ቅጠል ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ቀኑን ሙሉ፣ ሳይደርቅ ይውላል። በጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ፈንገስ ዘሩ በቅሎ ወደ ቅጠሉ ለመግባት ሰባት ሰዓት ያህል የማይቋረጥ እርጥበት እንደሚበቃው ሲታሰብ፣ የአዲስ አበባ ክረምት ለዚህ በሽታ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ የአፈሩ ጠባይ ይጨመራል። በቦሌ፣ በቦሌ ቡልቡላና በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ የሚበዛው ጥቁር የዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጣል። መሐንዲሱ ስለ ቤቱ መሠረት የሚፈራው ይኸው አፈር ለአትክልተኛውም ሌላ ሥጋት አለው። ውሃ ያቁራል፤ ሥርን አየር ያሳጣል፤ አየር ያጣ ሥርም ለሥር አበስባሽ ፈንገሶች የተከፈተ በር ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ራሱ የሰው ሥራ ነው። በቀድሞዎቹ የቦሌ ቪላዎች ግቢ ጽጌረዳው በረጅም የግንብ አጥር ጥግ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ ተጠጋግቶ ይተከላል። በአያትና በሰሚት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ አትክልቱ በበረንዳ ላይ በቆርቆሮና በፕላስቲክ ዕቃ ይበቅላል፤ ያንኑ አፈር ዓመት ከዓመት መጠቀም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከቦሌ እስከ መገናኛ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም በመንገዱ ዳር ብዙ የአበባ ተክል ጨምሯል። አንድ ዓይነት ተክል በአንድ ቦታ በብዛት ሲቆም በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ያጥርለታል።

በሽታዎቹ በአንድ ጊዜ የሚመጡ አይደሉም። በክረምቱ ልብ የሚበረቱት የጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የአበባውን እንቡጥ የሚያበሰብሰው ግራጫ ሻጋታ፣ እንዲሁም ቲማቲምንና ድንችን በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቃጠሉ የሚያስመስለው ምች ናቸው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው ነጭ ሻጋታ ተራውን ይይዛል። የዚህ ፈንገስ ዘር ለመብቀል በቅጠል ላይ የቆመ ውሃ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ውሃው ይጎዳዋል። የሚስማማው ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ፣ ጤዛማ ሌሊት ነው። ስለሆነም «ክረምቱ አለፈ፤ በሽታውም አለፈ» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው።

ለእነዚህ ሁሉ የተለመደው መልስ የኬሚካል ፀረ ፈንገስ፣ በተለይም ማንኮዜብ ነው። ማንኮዜብ በአግባቡ ሲረጭ ተክሉን እንደሚከላከል አይካድም። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ላለማደስ የወሰነው በሰው ሆርሞንና በመውለድ ጤና ላይ ከሚያስከትለው ጉዳት አንፃር ነው። በሰፊ እርሻ ላይ በመርጫና በመቁረጫ መካከል ሊቆይ የሚገባው የቀን ብዛት ይቆጠር ይሆናል። በጓሮ ግን ዛሬ የተረጨው ቆስጣ ነገ ለምሳ ይቀነጠሳል፤ ሕፃናትም በተረጨው ጽጌረዳ ሥር ይጫወታሉ። የጠቃሚ ባክቴሪያ ጉዳይ በከተማ ጓሮ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

ባክቴሪያው እንዴት ይከላከላል?

የሙያው ሰው ለጓሮ ባለቤቱ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወደ ማድ ቤት መግባት ይበቃዋል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ አስቀድሞ እርሾ ይጨመርበታል። በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሊጡን ቀድመው ይይዙታል፤ ምግቡን ይሻሙታል፤ ያኮመጥጡታልም። ኋላ የሚመጣው አበላሺ ሕዋስ የሚያርፍበት ሥፍራ ያጣል። እርሾ ሊጡ ከተበላሸ በኋላ ቢጨመር ግን ምንም አይፈይድም። በተክል ሥርና ቅጠል ላይ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በዚህ ረገድ ይበልጥ የተጠኑት ባክቴሪያዎች ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1872 በጀርመናዊው ሊቅ በፈርዲናንድ ኮን አማካይነት ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ባሲለስ ሰብቲሊስና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ሁለተኛው ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስና ዘመዶቹ ናቸው። የሁለቱም የመከላከያ መንገዶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ሥፍራ መያዝ ነው። ተክል በሥሩ በኩል ስኳርና ሌላም ምግብ ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል። ባክቴሪያው ይህን ምግብ እየበላ በሥሩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ይነጠፋል፤ ፈንገሱም ሲደርስ ማዕዱ ተነሥቶ ያገኘዋል።

ሁለተኛው መርዝ ማመንጨት ነው። ባሲለስ ኢቱሪንና ፌንጂሲን የተባሉ ውሕዶችን ያመነጫል፤ እነዚህም የፈንገሱን ሕዋስ ሽፋን ይበሳሉ። የሱዶሞናስ ወገኖች በበኩላቸው ፌናዚንን የመሳሰሉ ፀረ ፈንገስ ውሕዶች አሏቸው።

ሦስተኛው የብረት ሽሚያ ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ጥቂት ብረት ያስፈልገዋል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ብረት ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ሱዶሞናስ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ሲደሮፎር የሚባል ነገር ወደ አፈሩ ይልክና ብረቱን ይሰበስባል፤ ፈንገሱ ይራባል። ይህ የአሠራር ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ከታተመ በኋላ በመላው ዓለም ብዙ ምርምር አስነሥቷል።

አራተኛው ራሱን ተክሉን ማንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካርኔሽን አበባና በኪያር ላይ የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በሥር ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ ከሩቅ ያለውን ግንድና ቅጠል ለመከላከል ዝግጁ ያደርገዋል። ባክቴሪያውና በሽታው ሳይገናኙ፣ ተክሉ የማስጠንቀቂያ ደወል እንደ ሰማ ሰው ነቅቶ ይጠብቃል።

እነዚህን አራት መንገዶች የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አራቱም ጊዜ የሚጠይቁ ናቸው። ሥፍራ ለመያዝ፣ መርዝ ለማመንጨት፣ ብረት ለመሰብሰብና ተክሉን ለማንቃት ቀናት ያስፈልጋሉ። በቅጠል ውስጥ አስቀድሞ የገባን ፈንገስ ፈልጎ የሚያወጣ ግን ከእነዚህ መካከል አንድም የለም። ቅጠሉ ጠቁሮ መርገፍ ከጀመረ በኋላ የሚረጭ ባክቴሪያ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

ከላቦራቶሪው ሳህን እስከ ደጋው ጓሮ

ነገሩ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። በካሊፎርኒያ ከአንድ የኮክ እርሻ አፈር የተለየው የባሲለስ ዝርያ፣ ሴሬናድ በሚል የንግድ ስም ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ተመዝግቧል። በፊንላንድ ከረግረግ መሬት አተር የተለየ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያም ማይኮስቶፕ ተብሎ በችግኝ ቤቶች ውስጥ ለሥር በሽታዎች መከላከያ ውሏል።

በኢትዮጵያም ምርምሩ አልተቋረጠም። ከደቡብ ምዕራብ የተፈጥሮ ቡና ደኖች፣ ከቡና ሥር ዙሪያ አፈር የተለዩ የባሲለስና የሱዶሞናስ ወገኖች ቡናን የሚያደርቀውን ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ በላቦራቶሪ ሲገቱ መታየታቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስም በባቄላ ላይ የቡናማ ነጠብጣብ በሽታ በሚያስከትለው ፈንገስ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተፈትኗል። ከአገሪቱ አፈር ጠባቂ ሊገኝ እንደሚችል ይህ በቂ ምልክት ነው። ሆኖም የላቦራቶሪ ሳህን ጓሮ አይደለም። በሳህኑ ላይ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ብርድና ፀሐይ የሉም፤ በጓሮ ግን አራቱም አሉ።

በመሆኑም በሌላ አገር የታየ ውጤት ሁሉ በቦሌ ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከደጋው ጠባይ ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። ባሲለስ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በክረምቱ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ እድገቱ ይዘገያል። ሱዶሞናስ ብርድን ይበልጥ ይችላል። ነገር ግን ባሲለስ ድርቅንና ሙቀትን የሚቋቋም ስፖር ስላለው በመደብር መደርደሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስፖር የሌለው ሱዶሞናስ በማከማቻና በጉዞ ላይ በቀላሉ ይሞታል። ብርድ የሚችለው መቆየት አይችልም፤ መቆየት የሚችለውም ብርድ ያስቸግረዋል። ለደጋ ከተማ የሚመርጥ ባለሙያ ይህን ሚዛን ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ብርቱ ስለሆነ በቅጠል ላይ የሰፈረውን ባክቴሪያ ይገድላል። ስለዚህ የሚረጨው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ፣ ግን ቅጠሉ ከመምሸቱ በፊት ሊደርቅ በሚችልበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ውሃው ነው። ከለገዳዲ ማጣሪያ ወደ ምሥራቁ የከተማ ክፍል የሚመጣው የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የታከመ ነው። ክሎሪን የሚጨመረው ባክቴሪያን ለመግደል በመሆኑ፣ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ውሃውን በሰፊ አፍ ባልዲ ቀድቶ፣ ሳይከድኑ አሳድሮ በማግሥቱ ለመበጥበጫ መጠቀም ቀላል ጥንቃቄ ነው። ባክቴሪያውን፣ በተለይም ሱዶሞናስን፣ መዳብ ካለበት መድኃኒት ጋር በአንድ ማሰሮ መቀላቀልም ዘበኛውን በገዛ እጅ እንደ መግደል ይቆጠራል።

የጓሮው የሥራ ወራት

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ ይህን መልክ ይይዛል።

በግንቦት፣ ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት፣ የጓሮው መሬት ይዘጋጃል። በዋልካ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደዳል። በግንብ ጥግ የተጠጋጋው ጽጌረዳ ይገረዛል፤ ነፋስ እንዲያልፍ መሐሉ ይከፈታል። የታመመ ቅጠል ተለቅሞ ከግቢው ይወጣል። የበረንዳ አትክልት የሚያለማ ሰውም አሮጌውን አፈር ይለውጣል። ይህ ሥራ ካልተሠራ ባክቴሪያው ሺህ ጊዜ ቢረጭ የሚጠበቅ ውጤት የለም።

ችግኝ በሚተከልበት ጊዜ ሥሩን በባክቴሪያው ብጥብጥ ነክሮ መትከል፣ ወይም ብጥብጡን በሥሩ ዙሪያ ማፍሰስ፣ ጠባቂው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቦታው እንዲገኝ ያደርገዋል። ከአጠቃቀሞቹ ሁሉ ለሥር በሽታ ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ቅጠሉ ገና ንጹሕ ሳለ፣ የመጀመሪያው ርጭት ይካሄዳል። ዝናብ ስለሚያጥበውና አዲስ ቅጠልም ያለ ጠባቂ ስለሚወጣ በየሰባት ወይም በየአሥር ቀኑ፣ በመግለጫው መሠረት፣ ይደገማል። የቅጠሉ ጀርባ ሊረሳ አይገባም። መስከረም ሲጠባ ሥራው አያበቃም፤ የነጩ ሻጋታ ወራት ስለሚከተል እስከ ኅዳር ይቀጥላል። በባሲለስ የተዘጋጁ መከላከያዎች ጥሩ ውጤት ከሚያሳዩባቸው በሽታዎች አንዱ ይኸው ነጭ ሻጋታ ነው።

ስለ ቲማቲምና ድንች ምች ግን እውነቱ ሊነገር ይገባል። የምች መንስኤ ከእውነተኛ ፈንገስ ይልቅ ለዋቅላሚ የሚቀርብ የውሃ ሻጋታ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ሲነሣ በባክቴሪያ ብቻ የሚቆም አይደለም። እዚህ ላይ የሚሻለው ቲማቲምን ከዝናብ በሚከልል የፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ማልማት፣ ወይም የመትከያውን ወር ማዛወር ነው። ድንች የሚተክልም ሰው ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጤ ያሉ፣ ሲለቀቁ ምችን መቋቋማቸው የተመሰከረላቸው ዝርያዎች መኖራቸውን ማወቅ ይኖርበታል።

የባለሙያው ኃላፊነት

በዚህ ጉዳይ ትልቁ አደጋ የባክቴሪያው ድካም አይደለም፤ የአማካሪው ማጋነን ነው። አንድ የጓሮ ባለቤት ጽጌረዳው ከጠቆረ በኋላ «ይህ ተፈጥሯዊ መድኃኒት ነው፤ ያድናል» ተብሎ ሲሸጥለትና ሳያድንለት ሲቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማንኮዜቡ ይመለሳል፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃል። በአንድ የተሳሳተ ምክር ምክንያት ዓመታት የፈጀ ምርምር ውጤት በሰፈሩ ዘንድ ዋጋ ያጣል። «ዘንድሮ ዘግይተሃል፤ የታመመውን ቅጠል ልቀም፤ ለሚመጣው ግንቦት ተዘጋጅ» ብሎ መመለስ ገበያ አያስገኝ ይሆናል፤ እምነት ግን ያስገኛል።

ሁለተኛው ኃላፊነት የጥራት ነው። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ወደ አገር ሊገባም ሆነ ሊሸጥ አይችልም። ለበሽታ መከላከያ በሚል የሚሸጥ ባክቴሪያም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። መለያው ላይ የባክቴሪያው ስምና ዝርያ፣ የሕያዋኑ ብዛት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ዕቃ ባለሙያው ሊመክር አይገባም። በሞላሰስና በፍግ በቤት ውስጥ የሚፈላ ብጥብጥም ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደሚያራባ ስለማይታወቅ፣ በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ መርጨቱ ለሰው ጤና የሚያሰጋ ነው።

ሦስተኛው ኃላፊነት መመርመር ነው። ይህም ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አሥር ጽጌረዳ ያለው አባል ሁለቱን ሳይረጭ ቢተው፣ በየሳምንቱም የረገፈውን ቅጠል ቆጥሮ በደብተሩ ቢያሰፍር፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ለራሱ ጓሮ እውነተኛ መልስ ያገኛል። ከቦሌ ዋልካ፣ ከአያት በረንዳና ከየካ ተራራ ግርጌ የሚሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ደብተሮች በማኅበሩ እጅ ቢጠራቀሙ፣ ከውጭ የመጣ መግለጫ ሊሰጥ የማይችለውን ዕውቀት ይሰጣሉ።

ሕያው ባክቴሪያን አምርቶ ለተጠቃሚ ማድረስ በአገር ውስጥ የማይቻል ሥራ አለመሆኑ ታይቷል። ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለመሳሰሉት የጥራጥሬ ሰብሎች ናይትሮጅን የሚያስገኘውን ራይዞቢየም ምናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ አምርቶ ለገበሬው አቅርቧል። ለብርዱ የተፈጠረ፣ ከደጋው አፈር ራሱ የተለየ የበሽታ መከላከያ ባክቴሪያም በዚሁ መንገድ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን በእጅ ያለውን በጊዜው መጠቀም የሁሉም ድርሻ ነው።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለ እሳት ነበር። ቃሉ ለጓሮም ይሠራል፤ የጓሮው ሰው ቅጠሉ ንጹሕ ሳለ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሥራውን ይጀምር።